የታይ ቺ ጎራዴን ከቪዲዮ መማር፦ እዩ፣ አጥፉ፣ ከዚያ ተነሱ

ታይ ቺ ከሚባለው የቻይና ማርሻል አርት የጎራዴውን ፎርም፣ ማለትም በቅደም ተከተል የተያያዙትን እንቅስቃሴዎች፣ ከቪዲዮ ነው የጀመርኩት። ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ ከቪዲዮው ጋር አብሬ ስንቀሳቀስ ፎርሙን የቻልኩት መስሎኝ ነበር። አስተማሪው ሲዞር እዞራለሁ። ጎራዴውን ሲያነሳ አነሳለሁ። ሲጨርስ አብሬው እጨርሳለሁ፣ ደስ ብሎኝም እተኛለሁ። አንድ ማታ ግን ስልኬ መሃል ላይ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ። አራተኛው እንቅስቃሴ ላይ ነበርኩ። ክብደቴ የቱ እግሬ ላይ መሆን እንዳለበት፣ ጎራዴው ከዚህ ወደ ላይ ይሂድ ወይስ ወደ ኋላ፣ ምኑንም አላውቅም። ዝም ብዬ ቆምኩ።

ያን ማታ የገባኝን ነው የማካፍላችሁ። ከቪዲዮ ጋር አብሮ መንቀሳቀስ መከተል ነው፤ መማር ሌላ ነው። የእናንተ የሚሆነው ስክሪኑ ጠፍቶም ሰውነታችሁ ላይ የሚቀረው ብቻ ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁም ወደዚያው ያመራል፦ ቁጭ ብሎ ማየት፣ ማጥፋት፣ ከዚያ መነሳት።

ጎራዴ ነው ወይስ ሰይፍ?

ቪዲዮ ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚያደናግራችሁ ይሄ ነው። ቻይናዎች "ዳኦ" የሚሉት በአንድ ወገን ብቻ የተሳለ፣ ጎበጥ ያለ መሣሪያ ነው። "ጎራዴ" የሚለው ቃላችን ልክ ይገጥመዋል። "ጂየን" የሚሉት ደግሞ ቀጥ ያለና በሁለቱም ወገን ስለት ያለው ነው፣ እሱን ሰይፍ እንበለው። አንዳንድ የቪዲዮ ርዕሶች ሁለቱንም በአንድ ስም ነው የሚጠሯቸው። ቶሎ ለመለየት የአስተማሪውን ባዶ እጅ እዩ። ሁለት ጣቶቹን ቀስሮ ሌሎቹን ካጠፈ የሰይፍ ፎርም ነው። መዳፉን ከዘረጋ የጎራዴ ነው።

ልዩነቱ አሠራሩ ላይም አለ። ሰይፍ በጫፉና በእጅ አንጓ ስስ ሥራ ይሠራል። ጎራዴ ይፈልጣል፣ ከታች ወደ ላይ ይቀዳል፣ ይወጋል፣ ይገፋል። ጀርባው ስለት ስለሌለው ሰውነት ተጠግቶ ያልፋል፣ ግራ እጅም ይደግፈዋል። "ጎራዴ እንደ ቁጡ ነብር፣ ሰይፍ እንደሚዋኝ ዘንዶ" የሚል የቻይና አባባል አለ። ሌላም አለ፦ "ጎራዴ መቶ ቀን፣ ጦር ሺህ ቀን፣ ሰይፍ አሥር ሺህ ቀን።" ቁጥሩን ቃል በቃል አትውሰዱት። ግን ከ20 እስከ 25 እንቅስቃሴ ያለው ፎርም ብትመርጡና በሳምንት 2 እንቅስቃሴ ብቻ ብትይዙ፣ ቅደም ተከተሉን ለመጨረስ የሚፈጅባችሁ ጊዜ ከ100 ቀን ብዙም አይርቅም። ስለዚህ አትቸኩሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

አንድ የባዶ እጅ ፎርም፣ መሣሪያ የማይያዝበት ማለቴ ነው፣ አስቀድማችሁ ብትችሉ በጣም ይመከራል። አጭር ቢሆንም ይበቃል። ጎራዴ ይዞ ክብደት ማዛወርን መማር፣ መራመድ ሳይችሉ ሸክም እንደመሸከም ነው። ክብደት ከእግር ወደ እግር ሲሄድ የማይሰማችሁ ከሆነ፣ ጎራዴው ሐሳባችሁን ሁሉ ይወስድና እግራችሁ ይረሳል።

መሣሪያው ከእንጨት ይሁን። የብረቱን በኋላ ትደርሱበታላችሁ፣ ያኔም ስለቱ ያልተሳለ የልምምድ ጎራዴ። ለርዝመቱ የተለመደው መለኪያ እንዲህ ነው፦ ጎራዴውን በግራ እጅ ይዛችሁ፣ ክንዳችሁን ወደ ታች ዘርግታችሁ፣ ጎራዴው በክንዳችሁ ጀርባ ቀጥ ብሎ ሲቆም ጫፉ ጆሮ አካባቢ ይደርሳል። ከዚያ በጣም የረዘመ ከሆነ ጭንቅላት ዙሪያ ሲዞር ይይዛችኋል።

ቦታውን ጎራዴውን ዘርግታችሁ ቀስ ብላችሁ በመዞር ፈትሹት። ወደ ላይም ዘርጉ፣ አምፖል ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው። ልጆችና እንስሳት ከኋላ እንዳይመጡ በሩን ዝጉ።

የትኛው ቪዲዮ?

አንድ አስተማሪ ምረጡ። አንድ ብቻ። ታይ ቺ በሄናን ግዛት ካለችው ከቼን ቤተሰብ መንደር ከቼንጂያጎው ተነስቶ ወደ ብዙ ዘይቤዎች የተከፋፈለ ጥበብ ነው፤ ቼን አለ፣ ያንግ አለ፣ ው አለ፣ ሱን አለ። የቼን ጎራዴ ዝግታና ድንገተኛ ፍጥነትን ያፈራርቃል፣ እግር ይረግጣል፣ ይዘላል። የያንግ ጎራዴ በአብዛኛው ይበልጥ ወጥ በሆነ ፍሰት ይሄዳል፣ የእንቅስቃሴዎቹ ስሞችም በግጥም ስንኝ መልክ የተያዙ ናቸው። በአንድ ዘይቤ ውስጥ እንኳ ሁለት አስተማሪዎች አንዱን እንቅስቃሴ በተለያየ መንገድ ሊያሳዩ ይችላሉ። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። እናንተ ግን ከሁለቱ ግማሽ ግማሽ ብትወስዱ፣ እንቅስቃሴና እንቅስቃሴ የሚገናኙበት ቦታ ላይ እግራችሁ ይጠላለፋል። የሌላውን ቪዲዮ ለማየት ከጓጓችሁ ፎርሙን ከጨረሳችሁ በኋላ እዩት።

ከመረጣችሁት አስተማሪ ቢያንስ ሦስት ነገር ፈልጉ። ሙሉ ፎርሙ ሳይቆራረጥ የታየበት፣ ከጀርባ የተቀረጸ፣ እና እንቅስቃሴ በእንቅስቃሴ የተብራራበት። እግሩ ሁልጊዜ መታየት አለበት። ካሜራው እየቀረበ ፊቱን የሚያሳይ፣ ሙዚቃ የበዛበት ቪዲዮ ለመነሳሳት ጥሩ ነው፣ ለመማር ግን አይሆንም። የጎራዴው ቀለም ከጀርባው ካለው ግድግዳ ወይም ዛፍ ጋር የሚመሳሰል ከሆነም ተዉት፣ ስለቱ ወዴት እንደዞረ አታዩም። ከተቻለ በሰከንድ 60 ፍሬም የተቀረጸ ይሁን። በ30 ፍሬም ጎራዴው በፍጥነት ሲያልፍ ብዙ ጊዜ የሚታየው ጭጋግ ነው፣ አቁማችሁ ብታዩትም መልስ ላይሰጣችሁ ይችላል።

ግራና ቀኝ

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚናደደው፣ ስለዚህ በደንብ እንየው።

በመጀመሪያ ቪዲዮው ራሱ እንዳልተገለበጠ አረጋግጡ። በእነዚህ ፎርሞች ጎራዴው መጀመሪያ በግራ እጅ ተይዞ ይቆይና ወደ ቀኝ እጅ ይተላለፋል፣ ከዚያ ቆረጣው በቀኝ ነው። አስተማሪው ፎርሙን በሙሉ በግራ የሚቆርጥ ከመሰላችሁ፣ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ እዩ። ፊደሉ የተገለበጠ ከሆነ ቪዲዮው በመስታወት መልክ ነው የተቀረጸው።

አስተማሪው ፊቱን ወደ እናንተ ካዞረ የእሱ ቀኝ በስክሪኑ ግራ በኩል ነው። ይህን በጭንቅላት እየገለበጡ መማር ይቻላል፣ ግን አድካሚ ነው። ከጀርባ የተቀረጸ ካላገኛችሁ ቪዲዮውን ራሳችሁ ገልብጡት። ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ የሚባለው ማጫወቻ በኢፌክቶቹ ውስጥ ምስሉን ወደ ጎን የመገልበጥ ምርጫ አለው። ያኔ ልክ መስታወት ፊት እንደቆማችሁ ይሆናል፣ ጎራዴው የእናንተ ቀኝ እጅ ባለበት ወገን ይታያል። አስተማሪው ጀርባውን ሲሰጥ ግን ይሄው የተገለበጠ ምስል ያሳስታችኋል። ጎራዴው በምስሉ ግራ እጅ ላይ ይታያል፣ ወደ ቀኝ የሚዞረውም ወደ ግራ የዞረ ይመስላል። ለእነዚያ ክፍሎች ወደ ዋናው ቪዲዮ ተመለሱ።

ከሁሉም በላይ የረዳኝ "ግራ" እና "ቀኝ" ማለትን መተው ነው። ክፍሉን አራት ግድግዳ አድርጉትና ስም ስጡት፦ የበሩ ግድግዳ፣ የመስኮቱ፣ የመደርደሪያው፣ ባዶው። የቆዩ የታይ ቺ መጻሕፍትም አቅጣጫ የሚሰጡት በዚሁ መንፈስ ነው፣ ጀማሪው ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ ይቆምና ከዚያ ምሥራቅ፣ ምዕራብ እየተባለ ይነገረዋል። "ወደ ግራ ዙር" የምትል ማስታወሻ ከሁለት ዙር በኋላ ትርጉሟ ይጠፋል። "ግራ እግር ወደ መስኮቱ፣ ስለቱ ወደ በሩ" የምትል ግን የትም ሆናችሁ ታነብባላችሁ።

ቁጭ ብሎ ማየት

የመጀመሪያውን ሳምንት ጎራዴውን አትንኩት። ሙሉ ፎርሙን በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እዩ፣ እንደ ዘፈን እስኪታወቃችሁ ድረስ። የእንቅስቃሴዎቹን ስም በአማርኛ ራሳችሁ አውጡላቸው። "ነብር ላይ መሳፈር" የሚለው ከያንግ ፎርም መክፈቻ ስም ውስጥ ያለ ነው፣ አንዴ ካያችሁት አትረሱትም። ለሌሎቹም እናንተን የሚያስታውሳችሁን ስም ስጡ።

ከዚያ ቁረጡት። አንድ ቁራጭ ከ2 ወይም ከ3 እንቅስቃሴ አይበልጥ፣ መጨረሻውም ሰውነት በደንብ ተደላድሎ የሚቆምበት ቦታ ይሁን። እግር በአየር ላይ እያለ አትቁረጡ። ቪኤልሲ ላይ መነሻና መድረሻ ምልክት አድርጋችሁ ያንን ብቻ እንዲደጋግም ማድረግ ትችላላችሁ። ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱ እስከ 0.25 ይወርዳል። ኮምፒውተር ላይ አቁማችሁ የኮማና የነጥብ ቁልፎችን ብትጫኑ ደግሞ አንድ ፍሬም ወደ ኋላና ወደ ፊት ይሄዳል።

ዝግታውን ግን ለመረዳት ብቻ ተጠቀሙበት። በ0.25 ያየ ሰው ጎራዴው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል የሚሄድ ይመስለዋል። በእውነተኛው ፍጥነት ግን ትንፋሽ አለው፣ ይሰበሰባል፣ ይለቀቃል፣ ያርፋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከመነሳታችሁ በፊት የመጨረሻዋን እይታ በትክክለኛው ፍጥነት አድርጓት።

አንድ ቁራጭ ቢያንስ አራት ጊዜ እዩት፣ በየጊዜው አንድ ነገር ብቻ እያያችሁ። መጀመሪያ እግሮቹን። ተረከዙ ነው የሚቀድመው ወይስ የእግሩ ጣት? ሲዞር የሚሽከረከረው በምኑ ነው? ሁለተኛ ወገቡን። ክብደት በቪዲዮ አይታይም፣ ምልክቱ ግን ይታያል። ከአስተማሪው ጀርባ ያለ ቀጥ ያለ ነገር፣ ምሰሶ ወይም የበር ጠርዝ፣ ፈልጉና ቀበቶው ከዚያ መስመር ምን ያህል እንደራቀ እዩ። መስመር ከሌለ ስክሪኑ ላይ ቀጭን ወረቀት ለጥፉ። ሦስተኛ ጎራዴውን። አራተኛ ባዶውን እጅ።

አሁን አጥፉት። ያያችሁትን በሁለት ሦስት መስመር ጻፉ፣ በራሳችሁ ቃል። መጻፍ ያቃታችሁ ቦታ ያላያችሁት ቦታ ነው፣ እሱን ብቻ ለማየት መልሳችሁ ክፈቱ። ከዚያ ተነሱ።

ስትነሱም ጎራዴውን ወዲያው አታንሱ። እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጋችሁ እግሩን ብቻ ሂዱበት። ቀጥሎ ባዶ እጃችሁን ጨምሩ፣ ቀኝ እጅ ጎራዴ እንደያዘ አድርጉ። ጎራዴው የሚመጣው ሰውነት መንገዱን ካወቀ በኋላ ነው። ይሄ ቅደም ተከተል የሚያዘገይ ይመስላል። እኔ ግን በ3 ወር ያልያዝኩትን በዚህ መንገድ በ3 ሳምንት ይዤዋለሁ።

ቪዲዮ የማያሳያችሁ ሁለት ነገሮች

አንደኛው ስለቱ ነው። ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ጎራዴ አንድ መስመር ይመስላል፣ ስለቱ ወዴት እንደዞረ ግን ለማየት ያስቸግራል። የጎራዴ ሥራ ሁሉ ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። ስለቱ በሚሄድበት አቅጣጫ ካልዞረ ጎራዴው አይቆርጥም፣ በጎኑ ይመታል። መፍትሔው ቀላል ነው። በእንጨት ጎራዴያችሁ ስለት በኩል ከጫፍ እስከ እጀታ ቀይ ፕላስተር ለጥፉ። ከዚያ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ መሃል ድንገት ቁሙና ቀዩን እዩት። ጎራዴው ወደሚሄድበት ነው የሚያየው? ወደ ላይ በሚቀዳው ቆረጣ ላይ ቀዩ ወደ ላይ ይዞራል፣ የእጃችሁ አንጓም አብሮ ይገለበጣል። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ አንጓውን ሳይገለብጥ ጎራዴውን በጀርባው ያነሳዋል።

አያያዛችሁ ከጠበቀ ስለቱን መቆጣጠር አትችሉም። አውራ ጣትና ሌባ ጣት እጀታውን ከእጅ መከላከያው አጠገብ ይይዙታል፣ የቀሩት ሦስቱ እንደ እንቅስቃሴው ይጠብቃሉ፣ ይላላሉ። እንደ መዶሻ ጨብጣችሁ ከያዛችሁት ክርናችሁና ትከሻችሁ አብረው ይደርቃሉ።

ሁለተኛው ጭንቅላትን ዙሮ የሚያልፈው እንቅስቃሴ ነው። የጎራዴ ፎርም ያለዚህ አይሆንም፣ ቻይናዎች "ቻን ቶው" እና "ጉኦ ናኦ" ይሉታል፣ በግርድፉ ራስን መጠምጠምና መጠቅለል ማለት ነው። በቻን ቶው ጎራዴው ጫፉ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ከግራ ትከሻ በጀርባ በኩል ወደ ቀኝ ትከሻ ይዞራል። በጉኦ ናኦ በተቃራኒው፣ ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ። በሁለቱም ወደ ሰውነታችሁ የሚዞረው የጎራዴው ጀርባ ነው፣ ስለቱ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ያያል። ከፊት በተቀረጸ ቪዲዮ የጎራዴው ግማሽ መንገድ ከአስተማሪው ጀርባ ስለሚደበቅ ሰው በግምት ይሞላዋል፣ ግምቱም እንደ ገመድ ከራስ በላይ ማሽከርከር ይሆናል። ስህተት ነው። እጀታው ከራስ በላይ ከፍ ይላል፣ ጫፉ ግን እንደተንጠለጠለ ይቆያል።

ይህንን ከፎርሙ አውጥታችሁ ለብቻው ተለማመዱት፣ በየቀኑ በሁለቱም አቅጣጫ 10 ጊዜ፣ በዝግታ፣ በእንጨት ጎራዴ። የጎራዴው ጀርባ ልብሳችሁን ዳሰስ አድርጎ ሲያልፍ ይሰማችኋል። ካልተሰማችሁ ርቋል ማለት ነው። ጎራዴው እንዲያልፍ አንገታችሁን የምትሰብሩ ከሆነ ደግሞ ክርናችሁን ከፍ አላደረጋችሁትም። ይህ እንቅስቃሴ ሳይጠራ የብረት ጎራዴ አታንሱ፣ እባካችሁ።

ባዶው እጅ

"ባለ አንድ ጎራዴን እጁን እይ፣ ባለ ሁለት ጎራዴን አረማመዱን እይ" ይላሉ። የሚታየው እጅ ባዶው ነው። በራሴ ቪዲዮ ላይ ግራ እጄን ያየሁ ቀን ይህ አባባል ለምን እንደተባለ ገባኝ፤ ቀኙ ሲሠራ ግራው የሞተ ነገር ይመስል ተንጠልጥሎ ነበር። ባዶው እጅ ሚዛን ይጠብቃል፣ የጎራዴውን ጀርባ ወይም የቀኝ እጅን አንጓ ይደግፋል፣ ጎራዴው ወደ ፊት ሲሄድ ወደ ኋላ ይከፈታል። ደግሞም በጎራዴው መንገድ ላይ እንዳይገኝ መጠንቀቅ አለበት። ማስታወሻችሁ ላይ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ የግራ እጅ ቦታ ካልተጻፈ ማስታወሻው አላለቀም።

ራሳችሁን ቅረጹ

በሳምንት አንዴ ይበቃል። ስልኩን በወገብ ከፍታ አቁሙት፣ እግራችሁም የጎራዴው ጫፍም እንዲገባ ራቁ። የኋላውን ካሜራ ተጠቀሙ፣ የፊቱ ካሜራ ምስሉን ሊገለብጠው ይችላል። አስተማሪው በተቀረጸበት አቅጣጫ ተቀረጹ፣ ያለበለዚያ ማወዳደር አይቻልም። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታዩ አሥር ስህተት ታያላችሁ። አንዱን ብቻ ምረጡ፣ ያውም ከታች ጀምራችሁ፦ እግር፣ ከዚያ ወገብ፣ ከዚያ እጅ። ብዙ የእጅ ስህተት እግር ሲስተካከል ራሱ ይጠፋል።

ጉልበታችሁን በተለይ ተመልከቱ። ጉልበት ሁልጊዜ የእግር ጣት ወደሚያመለክትበት ነው የሚታጠፈው፣ ከጣቶቹም አያልፍም። አስተማሪው ዝቅ ብሎ ስለቆመ እናንተም ዝቅ ማለት የለባችሁም። እሱ እዚያ የደረሰው በዓመታት ነው። ጉልበት ወይም የእጅ አንጓ ካመማችሁ የዚያን ቀን አቁሙ። ሕመሙ ከተመላለሰ ሐኪም ይየው።

እና ከቻላችሁ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። ከሩቅ በቀጥታ ቪዲዮም ቢሆን፣ በወር አንዴም ቢሆን። ጎራዴው ሲዞር ትከሻችሁ የሚጠብቅበትን ቅጽበት እናንተ ላታዩት ትችላላችሁ፣ ልምድ ያለው ዓይን ግን ወዲያው ያየዋል። ቪዲዮ ብዙ ያስተምራል፣ ግን እናንተን መልሶ አያያችሁም።

ቅደም ተከተሉን ስትጨርሱ ልምምዱን ሁልጊዜ ከመጀመሪያው አትጀምሩ። የሁላችንም መክፈቻ ቆንጆ ነው፣ መጨረሻው የደከመ፣ ምክንያቱም መክፈቻውን መቶ ጊዜ ስንሠራ መዝጊያውን የምንሠራው ሃያ ጊዜ ነው። አንዳንድ ቀን ከመጨረሻው ቁራጭ ጀምሩ። ከዚያ ፊታችሁን ወደ ሌላ ግድግዳ አዙራችሁ ፎርሙን አንድ ጊዜ ሂዱበት። በሩ መስኮት ሲሆንባችሁ የምትቆሙበት ቦታ ይኖራል። ያቺን ቦታ ጻፏት፣ ቁጭ በሉ፣ ቪዲዮውን ክፈቱና እሷን ብቻ እዩ።